ከግድግዳው በፊት የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ

ኬንደልፎርድ፣ ኦሃዮ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.)

ውድ አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና እንድትሆን ግን እፈልጋለሁ። ፍሎሪዳ መሆንህ ለጉልበትህ ጥሩ ነው። እዚህ ወንዙ በረዶ ሠርቷል፤ የእማዬ መኪና በየጠዋቱ አልነሳም ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከቅዳሜ ወዲህ በዋናው መንገድ ማለፍ ትቻለሁ። ወደ ቢሮ የምሄደው በእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ዞሬ ነው፤ ሰው ፊቴን እንዳያየው። ሁለቴ ደውለህልኝ ነበር። ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። በስልክ አንተን አልችልህም። ታስቀኝና ነገሩ ያልፋል። በወረቀት ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

ቅዳሜ ከሰዓት የክብር አዳራሹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ነገሩን ታውቀዋለህ፤ በየጃንዋሪው፣ የአገሩ ጋዜጠኛ ሁሉ ለትልቁ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ የሚገባው መቺ ማን ነው እያለ በሬዲዮ ሲናቆር፣ የእኛዎቹ ሰባት ሽማግሌዎችም እሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ወጥተው ስለ እኛው ከተማ ቡድን ኳስ መቺዎች ይናቆራሉ። አዳራሽ የምንለው ከስታዲየሙ መቀመጫ ስር ያለ ኮሪደር መሆኑን፣ የሽንት ቤት ወረፋም በዚያው እንደሚሰለፍ ማንም አያነሳም። የነሐስ ምስሉ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለለት ሰው በዚህ ከተማ አይረሳም። ልጆች ቋሊማቸውን እየበሉ ስሙን ጮክ ብለው ያነቡታል። እኔም ለአንተ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ግሌን ማርካም የሚለውን ስምህን በየዓመቱ ያስጠቆምኩት እኔ ነኝ። በየዓመቱም ያለ ምንም ምክንያት ይጥሉሃል። አምና በከተማው ጋዜጣ ላይ «የምቀኞች ማኅበር» ብዬ እንደጻፍኩባቸው ታስታውሳለህ፤ በስልክ አንብቤልህ ስቀሃል። ማንም መልስ አልሰጠኝም። አንዳቸውም። መልስ ስላጡ ነው ብዬ ኮራሁ።

ዘንድሮ ግን በመጻፍ ብቻ ሳልወሰን ራሴ ቆምኩልህ። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ሩቅ ያለ እጩ በሙሉ ውክልና የሚናገርለት ሰው ማቆም ይችላል። ለምን ሕግ ተማርኩ ታዲያ? በምስጋና በዓል ማግስት ደውዬ «አባዬ፣ ስለ ጡንቻ ማሳበጫው መርፌ ይጠይቁኛል። ነክተህ ታውቃለህ?» አልኩህ። አንተም «እኔን ነው የምትጠይቂው?» አልከኝ። እኔም አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩህ። አየህ፣ አንድ ምስክር ጥያቄን በጥያቄ ሲመልስ አንቄ የምይዝ ጠበቃ ነኝ። አንተን ግን ይቅርታ ጠየቅኩህ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። የሚቀመጥበት ያጣው ቺሊውን፣ ያን የሥጋና የቦሎቄ ወጥ፣ በወረቀት ሳህን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ የቀረበው የካርልተን ቢግስ ስም ነው። ግራኙ ቢግስ፣ ከአንተ ቀጥሎ ይመታ የነበረው፣ አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው። እሱም ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹን በረዶ ሲሆን የሚያመጣቸው እሱ ነው። ሰብሳቢው ሜርል ሁዳክ በሕይወት ያለ እጩን ሁሉ አንዲት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ታውቃለህ፤ «ፊትህን ግድግዳችን ላይ ከመስቀላችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገር አለ?» መልሱ የመላሹ ነው። እሱ ለሕዝብ እንዲነገር ካልፈቀደ ከሰባቱ ሰዎች ጆሮ አይወጣም፤ ካልፈቀደ ደግሞ ምስሉ አይሰቀልም። ቢግስ ግን ከዓመታት በፊት ሲጠየቅ እዚያው ሰው ፊት ቆሞ «አዎ፣ አንድ በጋ ጡንቻ የሚያሳብጠውን መርፌ ተወግቻለሁ» ብሏል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይወድቃል።

አንተን ለማንሳት እሱን መጣል አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ተነሳሁ።

«ቢግስ ጥሩ መቺ ነበር፤ አልክድም» አልኩ። «ያቺን በጋ ስንቀንስ ግን ምን እንደሚቀረው ማንም አያውቅም። የማናውቀውን ነገር በነሐስ አናስቀርጽም። የእሱ ምስል እዚያ ከተሰቀለ፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከረ ውሸት ነው የሚሆነው።»

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ!» አለ ከሰባቱ አንዱ ዱዌይን ፕሩት፣ ሥጋ ሻጩ። «ሰውየው እኮ ከጀርባሽ ነው። ወደ ቤቴ የሚመልሰኝም እሱ ነው።»

«አንተ ዛሬ በእግርህ ነህ» አለው ቢግስ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ንጹሕ መቺ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ ብዬ ወደ አንተ ዞርኩ። ሌሎች መቺዎች ዓይናቸው በሚፈዝበት፣ ዱላቸው በሚዘገይበት ዕድሜ አንተ ኳሷን ከአጥሩ አሳልፈህ ወንዙ ድረስ እንዴት እንደላክሃት ተናገርኩ። ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ በዱላ ስትደበድብ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ እንደነበር ተናገርኩ። «ይህ የሥራ ውጤት ነው» አልኩ። «የመርፌ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ፕሩት እንኳ ሳህኑን ያይ ጀመር። ያን ዝምታ የተሸናፊዎች ዝምታ አድርጌ ቆጠርኩት።

«እንግዲህ ምክንያታችሁን ስጡኝ» አልኳቸው። «በየዓመቱ ትጥሉታላችሁ። ለምን?»

ሁዳክ መነጽሩን አወለቀ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ ደረጃው ጋ ወጣ ብለን እናውራ።»

«አልወጣም። በሰው ፊት ጥላችሁታል፤ ምክንያቱንም በሰው ፊት ንገሩኝ።»

«መልሱ የእኔ አይደለም። የመላሹ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው የተማርኩት ትምህርት ጉድጓድ የቆፈረልኝ። «ሚስተር ሁዳክ፣ እኔ እዚህ የቆምኩት በአባቴ ሙሉ ውክልና ነው፤ እርስዎም ተቀብለውታል» አልኩ። «መልሱ የእሱ ከሆነ ዛሬ የእኔም ነው። ፈቅጃለሁ። ይናገሩት። ሁሉም ይስማ።»

«ሜርል፣ አታድርገው» አለ ፕሩት።

«እርስዎ ዝም ይበሉ ሚስተር ፕሩት!» አልኩት፣ አባዬ። ሊያድነኝ የሞከረውን ሰው እንደ ውሻ ጮህኩበት።

ሁዳክ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ተናገረ። «በስልክ ነው የጠየቅኩት። እንዲህ ነው ያለኝ፤ ‹አዎ ሜርል፣ ሦስት በጋ ተወግቻለሁ። ለማንም አትናገሩ። በተለይ ልጅቷ እንዳትሰማ።›» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እኛም እንዳትሰሚ ነበር የፈለግነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ጥቂት ጊዜ ብዙ ልነግርህ አልችልም። የሆነ ሰው ማንኪያ ጣለ። ለዚያ ቀን ብዬ የገዛሁትን ጫማ እያየሁ ለምን ገዛሁት እያልኩ ቆምኩ። ምቀኞች ያልኳቸው ሰዎች ስድቤን በጋዜጣ እየተቀበሉ የአንተን ገመና በጉያቸው ይዘው ኖረዋል። አንተ ደግሞ ጽሑፌን ሰምተህ ሳቅህ። አንድ ቃል፣ አባዬ፤ «ተይው» ብትለኝ እተወው ነበር። ከለከልከኝ እንዴ? አልከለከልከኝም። ምናልባት ትችላለች ብለህ ይሆናል። ምናልባት ልጅህ ተከራክራ መርፌውን እንዳልነበረ እንደምታደርግልህ አስበህ ይሆናል።

በእነሱም ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ይህንንም ለሁዳክ እዚያው ነግሬዋለሁ። «እንደ ሕፃን ነው የያዛችሁኝ» አልኩት። «እዚህ አቁማችሁ እያያችሁኝ!»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ፕሩት። «ነገረኛ ነሽ፤ በር ስንከፍትልሽ በመስኮት ትገቢያለሽ።»

ሁዳክ ስምህን ከእጩነት ላወጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላወጣም አልኩ። ከዚያ ወደ ቢግስ ዞርኩ። «ሚስተር ቢግስ፣ ስለ እርስዎ የተናገርኩትን…» ብዬ ቀረሁ።

«ጨርሺው እንጂ!» አለ ፕሩት። «ስትሳደቢ እኮ ድምፅሽ አይጠፋም ነበር።»

ጨረስኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አንድ ሚዛን ለሁለቱም ይሁን አልኩ፤ ወይ ሁለቱን በመርፌው ጣሉ፣ ወይ ሁለቱንም በመቺነታቸው መዝኑ። ያኔ ነው እውነተኛው ክርክር የተጀመረው፤ ለሰባቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው ተፈቶላቸዋል።

«ኳስ የሚመታው በዓይን ነው» አለ አንዱ። «ለዓይን የሚወጋ መርፌ የለም።»

«ለአጥሩ ግን አለ» አለ ፕሩት። «አጥሩ ስር ወድቃ የምትያዘውን ኳስ ወንዝ ያደርሳታል። የግሌን ማርካም የመጨረሻዎቹ ዓመታት እኮ ዓሣዎቹም አልተኙም!»

«ከዚያ በፊት የነበሩትስ ዓመታት? ያኔ ቀጭን እንደ ሸምበቆ ሆኖ ከመታው ግማሹን የመታ ሌላ ሰው ጥራልኝ።»

«ቢግስ።»

«ከቢግስ ሌላ።»

ፕሩት አሰበ፣ አሰበና «ቺሊውን አቀብሉኝ» አለ።

አምስት እጅ ያስፈልጋል። ለቢግስ ከአንዱ በቀር ሁሉም አነሱ፤ ሰዉ በእግሩ ወለሉን ደበደበለት። እሱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ አንገቱን ደፋ። ለአንተ አራት እጅ ተነሳ። ፕሩት የራሱን ሲያነሳ ከእኔ ጋር የተጣላ ይመስል ግድግዳውን እያየ ነው። ሁዳክ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

«የእኔ ድምፅ ይቆያል» አለ። «በስልክ የሰማሁትን እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ልጁ ባለችበት፣ ከራሱ አፍ ልስማው። እስከ ወቅቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ድረስ እጠብቃለሁ። ከመጣ እጄ ይነሳል። ካልመጣ ስሙን ዳግመኛ አንቀበልም።»

ስለዚህ ነገሩ አሁን ያንተ ነው፣ አባዬ። የእኔ ውክልና አብቅቷል።

ስወጣ ቢግስ የአውቶቡሱን መስታወት በረዶ ይፍቅ ነበር። አልፌው ልሄድ ብፈልግም እግሬ ቆመ። «ለምን ዝም አሉኝ?» አልኩት። «ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር ልብስ የምትቀይሩት። ያውቁ ነበር።»

«አባትሽ ነዋ» አለ፣ መፋቁን ሳያቆም። «ልጅን አባቷን ማስጠላት የእኔ ሥራ ነው?»

«ለእርስዎስ መርፌውን ማን ሰጠዎት?»

መፋቁን ተወና አየኝ። ሊናገር አፉን የከፈተ መሰለኝ። ከዚያ «ያንን ኮሚቴው አልጠየቀኝም» አለ። «ብርድ ነው፤ ግቢ ላድርስሽ።»

አልገባሁም። በእግሬ ሄድኩ። ጥያቄውን አልደገምኩበትም። ለአንተም አልጽፈውም። ቤት ስደርስ ለእማዬ ስለ ስብሰባው ብቻ ነገርኳት። ሳህን ታጥብ ነበር፤ ያንኑ ሳህን ደጋግማ አጠበችው። ከዚያ «በልቻለሁ እንዳትይኝ፣ ሾርባ አለ» አለች። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ትመጣለህ ወይ ብዬ አልለምንህም። ከመጣህ አንዲት ቃል አልረዳህም፤ አልጽፍልህም፣ አጠገብህ አልቆምም። ኋላ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ እሰማሃለሁ። ለቢግስም የምትለው ካለህ ያው እዚያው ነው። ትኬት እቆርጥልሃለሁ አልልም፤ ከጣቢያ ግን እቀበልሃለሁ፤ በዚያ በረዶ ጉልበትህ ደረጃውን ብቻህን አይወጣውም። የጎን ክፍሉን ማሞቂያም አሠርቻለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ተበላሽቶ ስለነበር ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። አራቱ እጆች ሲነሱ፣ ገና ፊቴ እየነደደ፣ ገና ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ሳልችል፣ አምስተኛው እንዲነሳ ጥርሴን ነክሼ ጸለይኩ። ያንን ሁሉ ሰምቼ። ቢግስን በዚያ አፌ ሰድቤ። ሁዳክ እጁን ሲያስቀር ልቤ ተሰበረ። በሰው ፊት በደረሰብኝ ሁሉ አፍሬያለሁ፤ በዚህ ግን ለብቻዬ ስሆን አፍራለሁ፣ እሱም የባሰው ነው።

ብርዱ አያግኝህ። ዓይንህን ይጠብቅልኝ፤ ያ ዓይን እውነተኛ ነበር፣ ሁሉም መስክረዋል።

ልጅህ
ቴሳ ማርካም