ከጀሪካኑ የሚጎድለው ውሃ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ከ/ሰዓት

ውሃ መጣች። ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ ባኞውንም። እጄ ዝሏል፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ ደብተሬ።

ሚኒባሳችን ዛሬ ከጋራዥ ወጣች። ወሊሶ መንገድ ላይ ፈልታ ከቆመች ወዲህ ታደሰ ሰው አልነበረም። እሷ ስትቆም እሱም ቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ዛሬ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ዘነቡ ነይ እይልኝ ይላል። ጉልበቷ ከድሮው በልጧል፣ የቀራንዮን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ጨረሰችው አለ። ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ባሌ ሳቀ።

እኔ ግን የሰማሁትን አልረሳሁም። በሙቀት የተጣመመውን የሞተር ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ አየር ጤና ካለው ቶርኖ ቤት ፊቱ ተፍቆ ተልጎ ሲያልቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ታደሰ ያኔ ተኝቶ ነበር። የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ አስቁሞ አስረዳኝ። እትዬ፣ ይሄ ከዚህ በፊትም ተልጓል፣ አሁን ሳስቷል አለኝ። በሳሳ ቁጥር አየሩ የሚታመቅበት ቦታ ይጠባል። ለጊዜው ጉልበት ይጨምራል፣ ደስ ይላችኋል። ግን ቱርቦ አላት። ረጅም ዳገት ላይ ቱርቦው በላይ በላዩ አየር ሲገፋ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አይችልም፣ ውሃዋን ትተፋለች። ወፍራም ጓርኒሲዮን ይግባላት፣ የቱርቦው ግፊትም ይቀነስ።

ቃል በቃል ለታደሰም ለመካኒኩም ነገርኩ። መካኒኩ ወፍራሙ ከገበያ ጠፍቷል ብሎ የተለመደውን ገጠመ። ታደሰ ደግሞ አንቺ ሴትዮ መካኒክ ሆንሽ ብሎ ቀለደብኝ።

ዓርብ 7

ቀኑ ተቆረጠ። እሑድ 16 ሽማግሌዎቹ ለብሩክ ልጅቷን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ቤተሰቧ ከጊቤ ማዶ ነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲነካካ ዋለ፣ ምግብም አልበላ። ታደሰ ሽማግሌዎቼን በገዛ መኪናዬ አደርሳለሁ ብሎ ላማቾቻችን አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

ጊቤን አውቀዋለሁ። ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከዚያ ያ ማለቂያ የሌለው ዳገት።

ማክሰኞ 11

ታደሰ ዛሬ በመኪናዋ ገበያ አደረሰኝ። ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ ሄድኩ። ምንም። እንደ አዲስ። ምናልባት በከንቱ ነው የምጨነቀው። ታደሰም እያፏጨ ይነዳል። ደስ ብሎኝ ሙዝ ገዛሁለት።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር። በር አጠገብ ያለው ቢጫው ጀሪካን ጎድሏል። እኔ አልነካሁትም። ውሃ እስክትመጣ ገና ነው። ጎረቤቴን ወ/ሮ አስካለን ጠረጠርኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰላምታዬንም ቀዝቀዝ አደረግኩባት።

ሐሙስ 13። ጧት

አስካለ አይደለችም።

ገና ጎህ ሲቀድ የበሩን ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት አየሁ። ታደሰ ጀሪካኑን አቅፎ የመኪናዋ ራዲያተር ውስጥ ያንቆረቁራል። ቀስ እያለ፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ቤቱ እየዞረ። ውሃዋን እንደምትተፋ ያውቃል ማለት ነው። ሲያፏጭም ያውቃል።

ቶሎ ተመልሼ ተኛሁ። እጅጌው እርጥብ ሆኖ ገባ፣ አጠገቤ ተጋደመ። አይኔን ጨፍኛለሁ። እሱም የጨፈነ ይመስለኛል። ብናገረው ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳ ያዞርብኛል። ዝም ብል ደግሞ ሽማግሌዎቹ... አልጽፈውም።

ቅዳሜ 15

ጋሽ ወልዴ መጡ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በምርኩዝ ነው። አንቺ ዘነቡ፣ ነገ እንደ ባለሥልጣን ተንፈላሰን ነው የምንሄደው አይደል አሉኝ። ልጅቷን እዚያው ቢፈቅዱልን ጭነናት እንመጣለን እያሉ አሳቁን። ታደሰም ሳቀ፣ ወደኔ ግን አላየም። አፌን ከፈትኩ። ይጠጡ እንጂ ጋሽዬ ብዬ ዘጋሁት።

ሲሄዱ በምርኩዛቸው ደረጃውን እየፈለጉ ሲወርዱ አየሁ። እኚህ ሰው ናቸው ዳገት መሐል ፀሐይ ላይ የሚቆሙት? ሞተሩ ውሃ አልቆበት ድርቅ ብሎ ቢቆምስ? ያኔ ፍሬኑስ ይይዛል?

ቢጫውን ጀሪካን አወጣሁ። በሹፌሩ በር ፊት አቆምኩት። ሳያነሳው አይገባም።

እሑድ 16። ጧት 11፡30

ታደሰ ተነስቶ ወጣ። ሳይመለስ ቆየ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሱፉን እንደለበሰ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አለኝ። ከሐሙስ አልኩት። እኔ ከጋራዥ ከወጣች ማግስት ጀምሮ አለ። አጎንብሶ ነው የሚያወራው። ሽማግሌ በሕዝብ መኪና ተጋፍቶ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ምን ይሉናል ዘነቡ? ጊቤ ላይ አዛውንት አስቁመን ከምናፍር እዚሁ ደጃችን እንፈር አልኩት። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኩን አውጥቶ ለጋሽ ወልዴ ራሱ ደወለ። አዳመጥኩ። ሰበብ አልፈለገም፣ መኪናዬ ዳገት አትችልም አላቸው። ጋሽ ወልዴ ያሉት አልተሰማኝም፣ ብቻ ትከሻው ወረደ፣ ፈገግ አለ። ሲዘጋ ነገረኝ፣ እኔም ዳገት አልችልም፣ አብረን አውቶቡስ እንሳፈር ብለውታል።

ብሩክ አየር ጤና መናኸሪያ ቀድሞ ሄዶ የፊት ወንበር ይይዝላቸዋል። ታደሰም አብሯቸው ይሄዳል፣ እንደ ተሳፋሪ። ነገ ቴስታታው ይወርዳል። ወፍራሙ ጓርኒሲዮን እስኪገኝ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። ቶርኖ ቤት አብረን ነው የምንሄደው፣ ሰውየው ያለኝን በራሱ ጆሮ ይስማ።

ቁልፉን ሳልጠይቀው ሰጠኝ። አሁን ከረባቴን እሰሪልኝ እያለ ነው፣ ልሂድ።