የለመደው ትከሻ

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? በር ላይ ተጋጨ ያልሽኝ እጅሽስ ዳነ? እኔን የሳንባ ምች ሕመሙ ለቆኛል፤ ሳሉ ብቻ ነው የቀረኝ።

ከቤተ ሙከራው ተባርሬያለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

«ይሄን ሁሉ ተምረሽ ትል ልትነካኪ?» ብለሽ የሳቅሽባቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ ስትነኪያቸው መተንፈሻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ደጋግመሽ ስትነኪያቸው ግን ይተዉታል። ደንዝዘው አይደለም። ንክኪውን የሚሰማው ነርቭ ያው ይሰማል፤ ለሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያቀብለው ነው እያነሰ የሚሄደው። በመካከላቸው ያለው መገናኛ ይደክማል። ይሰማቸዋል፤ አይሸሹም።

መምህሬ ይህን ሲያስረዳኝ እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። ያን ሰሞን እሸማቀቅ ነበር። ብነግርሽ «ቻይው ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ለመድኩት። እጁ ከትከሻዬ ወደ ታች ሲወርድ እንኳ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም ነበር።

ከዚያ ታመምኩ። አልጋ ላይ ስከርም ማንም አልነካኝም። ቀንድ አውጣም ካረፈች መገናኛው ያገግማል፤ ይህን በገዛ እጄ ለክቼ ሳለ ለራሴ አላሰብኩትም። በተመለስኩበት ጠዋት እጁ ሲያርፍብኝ ሰውነቴ ሳያማክረኝ ተስፈነጠረ። ክርኔ ፊቱን አገኘው፤ መነጽሩ ገንዳው ውስጥ ገባ። አንዷ ቀንድ አውጣ ቀስ ብላ ስትወጣበት፣ በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቄ መጣ።

ይቅርታ ካልጠየቅሽ መመረቅ የለም አለኝ። «ክርኔ ጤነኛ ነው» አልኩት። በማግስቱ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ክሴን ጽፌ አስገብቻለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ይቀይሩ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አባዬ በሩን በርግዶ ሲገባ እኔ ከወንበሬ እዘል ነበር፤ አንቺ ከስፌት መኪናሽ ቀና እንኳ አትዪም። ልጅ ሆኜ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሁለት አልጋ አለው፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ለእሱ ልጄን ላስታምም ነው በዪው፤ ስልክ ላይ ሳሌን አሰማዋለሁ። እኔ ዘንድ ለጥቂት ሳምንት እረፊ፤ ሌላ አልጠይቅሽም። ከዚያ ልመለስ ካልሽ፣ እቃሽን ተሸክሜ እኔው እሸኝሻለሁ።

ፈጣሪ እጅሽን ይጠብቅልኝ። ኮቴ ሳታዳምጪ የምታድሪበት ሌሊት ይስጥሽ።

ደንጋጣዋ ልጅሽ