ቀይ ናት ያልኳት ልጄ

ኅዳር 4፣ ኮላ ድባ
የሰባተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ማለት... ግማሹን። ልቤ ቤት ነው። ልጅቷ ከተወለደች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ። አማቴ እማማ ዝናሽ ምች እንዳይመታት ብለው የአራስ ቤቱን መስኮት በጋቢ ደፍነውታል። ጠዋት በስልኬ ባትሪ አየኋት። "ቀልታለች እኮ!" አልኩ። "አያቷን መስላ ነው፤ ሸጋ!" አሉ እማማ። መምህራን ማረፊያ ገብቼ "ልጄ ቀይ ናት" እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ምን ላድርግ... የመጀመሪያዬ ናት።

ኅዳር 5
ትተኛለች። ጡት ይዛ እንኳ ታንቀላፋለች። "ጨዋ ልጅ" ይላሉ እማማ። ባለቤቴ የትነበርሽ ግን ደስ አላላትም። "ለምን አትነቃም?" እኔ ምን አውቄ...

ኅዳር 6
ያዋለደቻት ሲስተር ዓይናዲስ ከጤና ጣቢያ ልታያት መጣች። እማማ በሩ ላይ ቆሙ። "ክርስትና ሳትነሳ ደሟን አታስቀዱኝም!"

"መርፌም የለ፣ ደምም የለ እማማ። መጀመሪያ በእርስዎ ግንባር ልሞክረው?"

መዳፍ የምታህል መሣሪያ። የአማቴ ግንባር ላይ ብልጭ አለች፣ በቃ። ግንባራቸውን ዳሰሱ። "ይኸው ነው?" ከዚያ የልጅቷ ደረት ላይ። ደገመች። ሠለሰች። ቁጥሩን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

"መቅላት አይደለም። ሰው የወፍ በሽታ የሚለው ነው፤ በደሟ ውስጥ ቢጫው በዝቷል። ወደ አንጎሏ ሳይዘልቅ ዛሬውኑ ጎንደር መግባት አለባት።"

በልጄ በሽታ ነው ስኮራ የከረምኩት? ሲስተር አልሳቀችብኝም። "በጨለማ ቤትማ እኔም እሳሳታለሁ፤ መሣሪያው ለዚህ አይደል" አለች።

"አራስ ከቤት?" አሉ እማማ። ሲስተር መች ተከራከረች! "እርስዎ ሸፍነው ያቅፏት" አለች። ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋ ከራስጌ የሚቀመጠውን ቢላዋ ራሷ አንስታ ሰጠቻቸው። "ይህንንም ይያዙ፤ ማኪናውን አይከብደውም።" እማማ ሳቁና ተነሡ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 7፣ ጎንደር
ትናንት እንደደረስን ሐኪሙ የመሣሪያውን ቁጥር በደም ማረጋገጥ ግድ ነው አለ። እኔና የትነበርሽ እማማን አየን... እማማ ያችን ትንሽ እግር ከነጠላው ራሳቸው አወጡ። "በሉ ቅዱ። ያች ሲስተር በከንቱ አላስመጣችንም።" ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ቁጥሩ እውነት ነበር። አሁን ቢጫውን በሚያወርደው ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝታለች፣ ዓይኗ ተሸፍኖ። ትድን ይሆን? "በጊዜ ደርሳችኋል" አለ ሐኪሙ። በጊዜ ደርሳችኋል...

ኅዳር 10
ቁጥሩ ወረደ! ጡት ዘገየብኝ ብላ ክፍሉን በጩኸት አናጋችው። ተመስገን። ጩኺ የኔ እናት።

ኅዳር 24፣ ኮላ ድባ
የጎረቤታችን የወንዴ ሚስት ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ። እማማ ዝናሽ በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አራስ ጥየቃ መስሎኝ... ለካ ጤና ጣቢያ ኖሯል! ሲስተር ዓይናዲስን አስከትለው ሲመለሱ አየኋቸው። ወንዴ በሩ ላይ ደነገጠ።

"ምነው እማማ? ልጄን ምን አገኘው?"

"ምንም አላገኘው" አሉት። "ሳያገኘው ነው የመጣነው። በል አሳልፈን።"