ሥራ የፈታው ግራ እግሬ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ጥፋተኛው ልጄ ይበልጣል ነው። ማንዋሏን ትንሽ መኪናየን ሳይጠይቀኝ ሸጦ ፍሪሲዮን የሌላት ኦቶማቲክ ገዛልኝ። «ለጉልበትሽ ብየ እኮ ነው፣ እማየ» ይላል። ጉልበቴ መቼ ስሞታ ነገረው? ወደ መሸንቲ ዳገቱን ስወጣ ማርሽ ቀይሬ ሞተሯ እሺ ስትለኝ ነበር ደስታየ።

ዛሬ እሱን አጠገቤ አስቀምጨ በሐይቁ ዳር ነዳሁ። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን መስሎት ፍሬኑን ረገጠ፤ የይበልጣል ግንባር መስታወቱን ሊመታ ትንሽ ቀረው። ሳቀብኝ።

«ማርሹን ዲ ላይ አድርጊና ዝም ብለሽ ተቀመጪ!»

ዲ የሚለው የቱ ነው? የፈረንጅ ፊደል ነው፤ እኔ የአማርኛውን እንኳ የቆጠርሁት ልጅ ከዳርሁ ወዲህ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥማ ቤቴም አለልኝ። ቁልፉን መለስሁለት።

ደክሞኛል። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም፤ እሱንም «ውሰደኝ» አልለውም።