ውርጌሳ ያረፈችው አውሮፕላን በወረቀት መርሳ ስለ መቅረቷ

መርሳ፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር የሞተር አልባ አውሮፕላን በራሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የደንብዎ ማካካሻ ያልነካው ሙሉ ጤና እየተመኘሁልዎ፣ የመርሳ ቅርንጫፍ አባላትም እንደየዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው እጅ እንደሚነሡዎ አስታውቃለሁ። እኔ ሽፈራው ይመር በመርሳ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ፣ በትርፍ ጊዜዬም የቅርንጫፉ ጸሐፊ ነኝ። ማኅበሩ አርጅታለች ብሎ ከመጋዘን አውጥቶ የላከልንን የእንጨት አውሮፕላን ከሱቄ በወጣ አቡጀዲ አልብሰናት፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ደምሴ እንደሚያበርራት ያስታውሱ ይሆናል። ባያስታውሱም ቅር አይለንም፤ በሥራ ብዛት የሚረሱት እኛን ብቻ እንደሆነ እናውቃለን።

በመስከረም ወር ጎረምሶቻችን ከወልድያ በላይ ካለው ተራራ በጎማ ላስቲክ ስበው ካስፈነጠሯት በኋላ፣ ደምሴ የተራራውን ጥግ ይዞ በመርሳ ገበያ አናት ላይ አልፎ እስከ ውርጌሳ በረረ። ገበያተኛው ሚዛኑን ጥሎ አንጋጦ ሲያይ፣ እኔም የምለካውን ጨርቅ ከነደንበኛው ረስቼ እጮህ ነበር። ውርጌሳ ሲያርፍም አቶ ሲራጅ የተባሉ ገበሬ ከማሽላቸው መካከል አውጥተው፣ ሰው በመትረፉ አልሐምዱሊላህ ብለው በቅል ውሃ አጠጡት። ይህንኑ ለርቀትና ለፍጥነት ክብረ ወሰን ብናቀርብልዎ፣ ኮሚቴዎ በማካካሻ ደንብ ከሁለቱም ሲሶውን ቀንሶ መለሰልን፤ ክብረ ወሰን ያላገኘ ቅርንጫፍም አውሮፕላኑን ለአዲስ አበባው ዋና ክበብ እንዲያስረክብ ትእዛዝ አከለበት። ትእዛዙ ስለ ደረሰበት ፍጥነት እናመሰግናለን፤ ከእሱ እንኳ ማካካሻ አልተቀነሰም። ጥቂት ቅሬታዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ደንቡ በገባን መጠን፣ ዘገምተኛዋ አሮጌ አውሮፕላን ከፈጣኗ አዲስ ጋር ስትወዳደር ለአሮጊቷ እየጨመረ፣ ከአዲሷም እየቀነሰ የበራሪውን ችሎታ ለይቶ የሚያሳይ ነው። ይህን ጥበብ እኛም አላጣነውም፤ በጥምቀት ማግስት በምናደርገው ግልቢያ የእኔ አሮጊት በቅሎ ከሌሎቹ ፊት ራቅ ብላ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ትነሣለች። አምና አዲስ ኮርቻ ብጭንባት ልጅ ሆናለች ብሎ ወደ ኋላ የመለሳት ሽማግሌ ግን አልነበረም። ኮሚቴዎ አውሮፕላናችን አዲስ ጨርቅ መልበሷን ሰምቶ ከአዲሶቹ የጀርመን አውሮፕላኖች ተራ መደባት። አቡጀዲዬ ሠላሳ ዓመት መልሶ ልጅ የሚያደርግ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ አስቀድሜ ለራሴ እጀ ጠባብ አሰፋበት ነበር።

፪ኛ. እኛ በመርሳ ዙሪያ ያለን የሐብሩ ሰዎች ለባለመሬት ሲሶ መስጠት አዲስ አይሆንብንም። ሰማይ አይታረስም ሲባል ሰምተን ስላደግን ግን፣ ከሰማይም ሲሶ የሚቀበል ባለርስት መኖሩን ባለማወቃችን ይቅርታዎን እንለምናለን። ሲሶው ከተነሣ በኋላ ደምሴ የሚያርፈው መርሳ ላይ ነው፤ እኛ መርሳ ላይ ቆመን ሲያልፍ ማየታችንም የዓይናችን ጥፋት ይሆናል። ለሰበረው ማሽላ ካሳ እንዲሆን አቶ ሲራጅን አጨዳ ሊያግዝ ቃል ገብቶ ነበር፤ በወረቀትዎ መሠረት ግን ውርጌሳን አልረገጠም። አቶ ሲራጅ ይህ ሲነበብላቸው፣ እንግዲያው ውሃ ያጠጣሁት ጅኒ ነዋ ብለው ለሦስት ቀን ያንን ቅል ሳይነኩ ቀሩ።

፫ኛ. ከፍጥነቱ ሲሶው ከተነሣ፣ በቀረው የሚሄድ አውሮፕላን አየር ላይ አይቆምም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ደምሴ ከወልድያ ብዙም ሳይርቅ ወድቆ ሞቷል። ባለቤቱ ወይዘሮ ውባለም ተዝካር ታውጣ ወይስ ትቆይ የሚለውን እንዲወስኑልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ እስካሁን በስሕተት እራት እያቀረበችለት ነው።

፬ኛ. የዛሬው ክብረ ወሰን ባለቤት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን በተመለከተ ቅሬታ የለንም። ተራ ቁጥሩን የሰጠነው በስሕተት ነው።

ክቡር ሆይ፤ ቀልዱ ለአፍታ ይቆየንና፣ ደምሴ ዕድሜውን ሙሉ የደሴንና የወልድያን መንገድ ከሰው እህል ጋር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ከማሽላው ሲወጣ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ትእዛዝዎ ከደረሰ ወዲህ ግን መኪናውን ሲነዳ ወደ ተራራው ቀና አይልም፤ ይህም አንጀቴን ይበላኛል። የምንለምነው ሽልማት አይደለም፤ አሮጊቷን በአሮጊቶች ተራ መድባችሁ ቁጥሩን እንደገና አስልታችሁ፣ አውሮፕላኗን እንድትተዉልን ብቻ ነው። የሚጠራጠሩ ከሆነም ይምጡና በእሷው ይብረሩ፤ ጎረምሶቹ ለእርስዎ ሲሉ ላስቲኩን ከወትሮው አጥብቀው ይስባሉ።

ከምድርም ከሰማይም ድርሻዎ እንዳይጎድል የሚጸልይ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ታማኝ አገልጋይዎ፣

ሽፈራው ይመር

ሳልዘነጋ፤ መልስዎ ከዘገየ ትእዛዝዎን ለመጣስ ያሰብን እንዳይመስልዎ። ደምሴ አውሮፕላኗን በጭነት መኪናው ጭኖ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ይነሣል። ከመርሳ እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ በደንብዎ መሠረት ሲሶውን ስንቀንስ ጣርማ በር ላይ ስለሚያልቅ፣ እዚያው አውርዷት ይመለሳል። እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ ተረክቤያለሁ ብለው መፈረም ይችላሉ። ጋቢ ግን ቢልኩላት መልካም ነው፤ ቦታው ብርድ ነው፣ እሷም የለበሰችው አቡጀዲ ብቻ ነው።