የሩፋኤል ዝናብና ስድስቱ መስታወቶች

ነሐሴ 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዛሬም መብራት የለም። ኦቨኑ ቀዝቅዟል፣ ፓምፑ ዝም ብሏል። የፀሐይ ኃይል እያጠና ጄኔሬተር የሚለምን ላብራቶሪ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግድ የለም፤ ስድስቱን ትናንት ጨርሻቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው ብስኩት የሚያክሉ መስታወቶች ናቸው። ፊታቸው ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ሽፋን አለ፤ ፔሮቭስካይት። ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር እሳት ነው! እርጥበት ካገኘው ግን አለቀለት። ጥቁሩ ቢጫ ሆነ ማለት ሴሉ ሞተ ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ ቅልጥፍናውን ከፍ ለማድረግ ይሯሯጣል። እኔ ዕድሜውን ነው የምፈልገው። ሦስቱን ዳር ዳራቸውን በራሴ ማሸጊያ አሽጌያለሁ። ሦስቱ ለማነጻጸሪያ ክፍት ናቸው። ማሸጊያዬ ይሠራል። አውቃለሁ፣ ደብተሬ። የቀረኝ በክረምቱ እንጦጦ ጉም ውስጥ እንድፈትናቸው አማካሪዬን ዶ/ር ሀብታሙን ማሳመን ነው።

ነሐሴ 14፣ 11 ሰዓት

ዶ/ር ሀ. እምቢ አሉ። ክረምት ለዚህ ሥራ ጠላት ነው፣ ጥቅምትን ጠብቂ። እኔ ደግሞ በክረምት ያልተፈተነ ጃንጥላ ምኑን ጃንጥላ ሆነ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። በይ ሂጂ፣ ግን ከላይ ሽፋን ይኑረው፣ ዝናብ በቀጥታ እንዳያገኘው፣ ጉሙ ይበቃል። እስከ አዲስ ዓመት ውጤት ካልመጣ ግን መመረቂያ ጽሑፌን በሌላ ርዕስ ከዜሮ እንድጀምር ነው ውላችን። የሦስት ዓመት ልፋት! እሺ አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። አስቤውም እሺ ነው።

ነሐሴ 15

እንጦጦ። ታክሲው ከሚቆምበት ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል በእግር። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የጓደኛዬ አክስት እማማ ጥሩነሽ ግቢያቸውን ፈቅደውልኛል። ጉሙ እስከ ረፋድ እዚያው ግቢ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያረፍደው። ለሴሎቼ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም፤ ለዚህ ነው የመረጥኩት። በእንጨት መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው፣ ከላይ ፕላስቲክ አለበስኩ።

እማማ ምንድን ነው አሉኝ። ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ መስታወት። ስልክ ይሞላል? አይሞላም። ሬዲዮስ? እሱንም አይችልም። "ታዲያ ምን ሊሠራ ነው ዳገቱን ተሸክመሽው የወጣሽ ልጄ!" ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዝናብ ብቻ እንዳይነካው አደራ አልኳቸው።

ውስጡ እርሳስ እንዳለበት አልነገርኳቸውም። ያ መርዘኛው ብረት። ቅንጣት ናት፤ ለምን ላስፈራቸው? እምቢ ቢሉስ?

ነሐሴ 23

በየሁለት ቀኑ ኤሌክትሪክ የምለካበትን ቴስተሬን ይዤ እወጣለሁ። የታሸጉት ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ናቸው። ከክፍቶቹ አንዱ ጥጉ ላይ ቢጫ መሆን ጀምሯል። እሰይ! እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ሁሉ ሰላም እያልኩ ወረድኩ።

እማማ ቆሎ ሰጡኝ። የየትኛው ደብር ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። ጴንጤ ነኝ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆሎውን ጨመሩልኝ።

ጳጉሜ 1

ከክፍቶቹ ሁለቱ ቢጫ ሆነዋል፤ የታሸጉት ንቅንቅ አላሉም። ዶ/ር ሀ. ግን ፈታኞቹ ጉም ዝናብ አይደለም ይሉሻል አሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን ዝናቡንም ፈቅደውልኛል። ሽፋኑን ላነሳ ሄድኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ ስዞረው ቆይቼ ተመለስኩ። ይሠራል፣ አውቃለሁ ስል የከረምኩት ሴትዮ የት ገባሁ?

ጳጉሜ 3፣ ምሽት

እቤቴ፣ ሲግናል ሰፈር፣ ቁጭ ብዬ ሰንጠረዥ እሞላለሁ። ዶፍ ይጥላል። ጩኸት ሰምቼ በመስኮት ባይ የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ዝናብ ውስጥ ይዘላሉ። ሩፋኤል! በእኛ ቤት ይህ ቀን ስለማይታሰብ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እማማ ትዝ አሉኝ።

ታክሲ። ዳገት። ጭቃ። ደረስኩ።

ሽፋኑ ተነስቶ ግድግዳው ተደግፏል። ስድስቱም ይታጠባሉ። ከሥራቸው ሳፋ። ዝናብ አይንካው ብዬ አልነበረም ወይ? እማማ ረጋ ብለው፦ "ዝናብማ መች አስነካሁት ልጄ። ይሄ እኮ የሩፋኤል ነው፤ ጠበል ነው። ሥራሽ ይባረክልሽ ብዬ ነው።" ለእኔም በጆግ ቀድተው አስቀምጠውልኛል። ለራሳቸው በጣሳ ይዘዋል። ሊጠጡት ነው።

ክፍቶቹን አየሁ። ቢጫው እንኳ የለም፤ ታጥቦ ሄዶ ባዶ መስታወት ቀርቷል። የሄደው ከነእርሳሱ ሳፋው ውስጥ ነው። ጣሳውን ከእጃቸው ነጥቄ ደፋሁት። ጆጉንም። ሳፋውንም ገለበጥኩት።

እማማ አመዳቸው ቡን አለ። ጴንጤ ብትሆኚም እንዲህ ትንቂኛለሽ ብዬ አላሰብኩም አሉ፤ ዞረው ገቡ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ስድስቱንም በላስቲክ ጠቅልዬ ወረድኩ። አፍሬያለሁ፣ ደብተሬ።

ጳጉሜ 4፣ ላብራቶሪ

ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ሦስቱ የታሸጉት ጥቁር ናቸው፤ ጠብታ አልገባባቸውም። ከዝናቡ በፊት የሚሰጡትን ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ማሸጊያዬ! እኔ የፈራሁትን ፈተና እማማ ፈተኑልኝ።

ዶ/ር ሀ. ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። ርዕሴ ተረፈ። ከዚያ ስለ ሳፋው ነገርኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ስለ ክፍቶቹ "ተበላሽተዋል" ብለሽ እለፊው፤ ሳፋውን ከጻፍሽ ፈታኞቹ ማሸጊያውን ትተው እሱን ነው የሚይዙት አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ለእኔ ፈርተው ነው። እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሳፋውን የገለበጥኩት የእማማ ጎመን ሥር መሆኑ አሁን ትዝ አለኝ።

ጳጉሜ 5

በጠዋት ወጣሁ። ከሰላምታ በፊት ጎመኑን ቆርጠው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልቆረጡም። ተመስገን! ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እርሳሱን፣ ክፍቶቹን፣ ለምን እንደደፋሁት።

ጠበሉን ንቄ እንዳልሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። "መርዝ እንዳለበት ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ከሥሩ ሳፋ አኖር ነበር?"

ንቀሽኛል ያሉት ልክ ነበሩ። ንቄያቸው ነበር፤ ነሐሴ 15 ቀን፣ ቆመን ስንስቅ።

አካፋ ተውሼ ጎመኑን ከነአፈሩ ነቀልኩ። ላብራቶሪው ከመርዛማ ቆሻሻው ጋር እንዲያስወግደው ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁ። እማማ እጃቸውን አጣምረው ቆመው አዩኝ። በኋላ ጠጋ ብለው፣ በዚህም ጥግ ፈሷል፣ እሱንም አንሺው አሉ። አነሳሁ። ስወርድ ቆሎ አልሰጡኝም። በር ድረስ ግን ሸኙኝ። ለአዲስ ዓመት ብቅ በይ አሉኝ።

ወስኛለሁ። ያልታሸገ ሴል ከእንግዲህ ሰው ግቢ አይገባም። ማሸጊያዬ ሦስቱን እንዳተረፈ እጽፋለሁ። ሦስቱ ክፍቶች ሳፋው ውስጥ ምን እንደጨመሩም እጽፋለሁ፤ ሳፋው የማን እንደነበር፣ ሳይነገራቸው ሊጠጡት እንደነበር፣ ያልነገርኳቸውም እኔ እንደሆንኩ። የመመረቂያዬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። ዶ/ር ሀ. ይቆጣሉ።

ይቆጡ። ገጹን ጀምሬዋለሁ።