ዘር የሌለው ወይን ሁለቴ ይነከራል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ፉሚኤ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የትከሻሽ ሕመም ተሻለሽ? ባለቤትሽ ቶሜኪቺስ ከባሕር በደኅና እየገባ ነው? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? እኛ ጣቶቻችን በወይን መንከሪያው ቀለም ከመቅላታቸው በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ማክሰኞ ጁን 6 እማዬ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላትና በዕለቱ አጠገቧ እንድገኝ የጻፍሽው ደብዳቤ በወሩ መጀመሪያ ደርሶኛል። መልሴ የዘገየው መንገድ ስፈልግ ስለነበር ነው። አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይን ፍሬ የሚያብጠው በውስጡ ያለው ዘር ሆርሞኑን ሠርቶ፣ መጥኖ ስለሚሰጠው ነው። የከተማ ሰው ግን ዘር መትፋት አይወድም። ስለዚህ በቀንበጡ ላይ የወጣውን ቅጠል ቆጥረን፣ አበባው ሊፈነዳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እያንዳንዱን ዘለላ ጂቤ በምንለው የሆርሞን ውሃ እንነክራለን፤ የነከርነውም እንዲታወቅ ቀይ ቀለም እንጨምርበታለን። ዘሩ ሳይፈጠር ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ፍሬውን የሚያሳድግለት የለም። አበባው በፈነዳ በዐሥረኛው ቀን በዘሩ ቦታ እኛ ገብተን እንደገና እንነክረዋለን። ካልነከርነው አተር አክሎ ይቀራል። ያ ቀን ዘንድሮ ጁን 5 ላይ ይውላል፤ ሥራው አራት ቀን ይፈጃል።

አንድ ተንኮል ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያውን በአምስት ቀን ካስቀደምሁት ሁለተኛውም ይቀድምልኛል ብዬ የታችኛውን ማሳ ለብቻዬ ነከርሁት። አበባው ግን በራሱ ቀን ፈነዳ። አሁን የዚያ ማሳ ዘለላ ግማሹ ተጣሟል፣ ግማሹ ዘሩን ይዞ ቀርቷል። አማቴ አቶ ጌንዞ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው አዩት። ልጃቸውን ቺዮኮን አግብቼ፣ እንደ ወንድ ልጃቸው የቤታቸውን ስም ከወሰድሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዛሬም "ሙሽራው" ነው የሚሉኝ።

"ሙሽራው፣ የቆጠርኸው ቅጠሉን ነው ወይስ የባቡሩን ሰዓት?" አሉኝ።

ምክንያቴን ስነግራቸው "ሂድ፤ እናት ናት። ማንም አላሰረህም" አሉና ካቻምና ሽባ የሆነች ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንሥተው ዘለላው ጋ ሊያደርሷት ሞከሩ። ወደቀች።

ቺዮኮ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መዋል አትችልም። ጎረቤት እንዳልለምን የሁሉም ዐሥረኛ ቀን አንድ ነው። የላይኛውም ማሳ ካመለጠን ዓመቱን የምንኖርበት የለንም።

እትዬ፣ አልመጣም። እማዬ ከጠየቀችሽ ታሟል ወይም ባቡር አመለጠው ብለሽ አታታልያት። ወይኑ ሥር ቆሟል፣ ጥሎ መውጣት አልቻለም በያት። ከተቀየመችኝም እውነቱን አውቃ ትቀየመኝ።

ቶሜኪቺን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሳዮን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቺዮኮ ሁላችሁንም ትናፍቃለች። አቶ ጌንዞ እናትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለውኛል፤ አንቺው አድርሺልኝ። እማዬን ሊያስገቧት ሲሉ እጇን ያዥልኝ፤ ቶሎም አትልቀቂው።

ወንድምሽ ሴይጂ

ካትሱኑማ፣ ሜይ 30 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.